በ25 ሺህ ብር ክላሲካል የሚያሰማ ስቴሪዮ፦ ኮዬ ፈጬ፣ ኮንዶሚኒየም ቤት

የኮዬዋ
ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሳሎኔ 3 ሜትር ተኩል በ4 ሜትር ተኩል ይሆናል። ለስቴሪዮ ብዬ ያስቀመጥኩት 25 ሺህ ብር ነው። ከዚያ በላይ አልችልም።

የማዳምጠው በብዛት ክላሲካል ነው። ፒያኖ፣ ስትሪንግ ኳርቴት (ሁለት ቫዮሊን፣ ቪዮላና ሴሎ)፣ አንዳንዴም ሲምፎኒ። የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩንና የግርማ ይፍራሸዋን ፒያኖም አልጠግበውም። እስካሁን የምሰማው በስልኬና በአንድ ትንሽ የብሉቱዝ ስፒከር ነው። ሙዚቃው ዝቅ ሲል ምንም አይሰማኝም። ድምፁን ስጨምር ደግሞ ኦርኬስትራው ድንገት ሲነሳ ስፒከሩ ይንጫጫል። ሁለት ቫዮሊንና አንድ ቪዮላ አብረው ሲጫወቱ ማን የቱን እንደሚጫወት መለየት አቅቶኛል።

መርካቶ ገብቼ ጠይቄያለሁ። የገባሁበት ሱቅ ሁሉ ያሳየኝ ሆም ቲያትር ነው። “ባሱን ስሚው” ይሉኛል፣ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። እኔ የምፈልገው ሌላ ነገር ነው። በዚህ ገንዘብ ይቻላል? ከየት ልጀምር? ግድግዳው ስስ ስለሆነ ጎረቤትም እንዳላስቸግር እፈራለሁ።

ባለካውያ፣ ሰበታ
እህቴ፣ ሳትገዢ መጠየቅሽ ጥሩ ነው። ሥራዬ ሬዲዮ፣ ቴፕና አምፕሊፋየር መጠገን ነው። በዚህ ገንዘብ ይቻላል፣ በደንብ ይቻላል።

ሆም ቲያትሩን ተይው። የማልወደው ባሱ ስለበዛ ብቻ አይደለም። እነዚያ ትናንሽ ሳጥኖች ውስጥ ያለው ስፒከር ቢበዛ 3 ኢንች ነው። ከ150 ወይም ከ200 ኸርዝ በታች በቅጡ አይወርድም (ኸርዝ ድምፅ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚንቀጠቀጥ መቁጠሪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ ይወፍራል)። ከዚያ በታች ያለውን ሁሉ ጥግ ላይ ለተቀመጠው የባስ ሳጥን፣ ለሰብዉፈሩ፣ ይተውለታል። የሴሎ ድምፅ ትልቁ ክፍል ያለው ደግሞ እዚያው መጋጠሚያው አካባቢ ነው። ስለዚህ አንዱ ሴሎ ግማሹ ከመሬት፣ ግማሹ ከመደርደሪያ ይመጣል። ለፊልም ያስኬዳል። ለኳርቴት አይሆንም።

ገንዘብሽ መሄድ ያለበት ሁለት ጥሩ ስፒከሮች ላይ ነው። ሁለት ብቻ። ከ25 ሺው ከግማሽ በላዩን ለእነሱ መድቢ። አዲስ አትበይ፣ ያገለገለ ፈልጊ። መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ፣ የእንጨት ሳጥን ያለው፣ 5 ወይም 6 ኢንች ተኩል ዉፈር (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው) እና ለብቻው ትዊተር (ቀጭኑን የሚያወጣው ትንሹ) ያለው ይሁን። መርካቶ ብቻ አትፈልጊ። ከአገር የሚወጡ ሰዎች የቤት ዕቃ ሲሸጡ የሚለጥፉባቸውን የቴሌግራም ቻናሎች ተከታተይ። ጥሩ ስፒከር የሚገኘው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። ገዢው ሁሉ ፍሪጅና ሶፋ ላይ ስለሚረባረብ ስፒከሩ ይተርፋል።

ከመግዛትሽ በፊት ግን መፈተሽ አለብሽ። መሸፈኛውን አውልቀሽ የዉፈሩን ዙሪያ እዪ። ዙሪያው ከስፖንጅ ከሆነ ዕድሜ ይበላዋል። በጣትሽ ስትነኪው እንደ አመድ ከፈረሰ ተይው። ላስቲክ ከሆነ ግን ብዙ ዓመት ይኖራል። ቀጥሎ የዉፈሩን ወረቀት በሁለት እጅሽ ጣቶች ዙሪያውን እኩል ይዘሽ ቀስ ብለሽ ወደ ውስጥ ግፊው። የሚፋቅ ድምፅ ከሰማሽ ኮይሉ፣ ከወረቀቱ ጀርባ ያለው የሽቦ ጥቅል፣ ተበላሽቷል ማለት ነው። መልቲሜትር ያለው ሰው ይዘሽ ከሄድሽ ደግሞ ኦሙን (ስፒከሩ ለኤሌክትሪክ ያለውን ተቃውሞ) ይለካልሽ። 8 ኦም የተጻፈበት ስፒከር 6 አካባቢ ያሳያል። 4 ኦም የሆነው 3 እና ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ያሳያል። ሁለቱ ስፒከሮች መቀራረብ አለባቸው። በመጨረሻ ጆሮሽን ትዊተሮቹ ጋ አስጠጊ። አንዱ ዝም ካለ ብዙ ሻጭ “ሽቦ ነው” ይልሻል። ሽቦ ላይሆን ይችላል። እዚያው አሠርቶ ካላሰማሽ አትክፈይ።

ሴሎ ተማሪ፣ የካ አባዶ
ባለካውያ ያለውን ከሙዚቀኛ በኩል ላጠናክረው። የቫዮሊን ዝቅተኛ ኖታ 196 ኸርዝ ነው። የቪዮላ 131፣ የሴሎ 65፣ የኮንትራባስ 41 ነው። ፒያኖ እስከ 27.5 ይወርዳል። ስለዚህ እስከ 55 ወይም 60 ኸርዝ በንጽሕና የሚወርድ ስፒከር ካገኘሽ ኳርቴትን ሙሉውን ያዝሽው። ፒያኖም አይጎድልብሽም። የፒያኖው የታችኛው ኖታ በላዩ ብዙ ተከታይ ድምፆች አሉት፣ ከእነሱ ተነስቶ ጆሯችን መሠረቱን ራሱ ያሟላዋል። ሰብዉፈር ሳይኖርሽ በደንብ መኖር ትችያለሽ።

የነገርሽን ችግር እኛም እናውቀዋለን። የዘፈን ቅጂ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ድምፁ ተቀራራቢ እንዲሆን ተደርጎ ነው የሚሠራው። ታክሲ ውስጥም እንዲሰማ ነው። ኦርኬስትራ ላይ ግን ሹክሹክታውና ጩኸቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ50 ዴሲቤል (የድምፅ ጩኸት መለኪያ) ሊያልፍ ይችላል። ትንሽ ስፒከር ይህን ሊሸከም አይችልም። ስለዚህ የክላሲካል ስቴሪዮ ስትመርጪ “ምን ያህል ይጮኻል?” ብለሽ አትጀምሪ። “ዝቅ ሲል ምን ያህል ይሰማል?” ብለሽ ጀምሪ። እኔ ከሁሉም በላይ የምቆምለት ነገር ይሄ ነው።

መፈተኛ የሚሆንሽ ነገር ልስጥሽ። የፈረንሳዊውን አቀናባሪ የራቬልን ቦሌሮ ያዢ። 1928 እ.ኤ.አ. የተጻፈ ነው። በጣም ዝቅ ባለ ትንሽ ከበሮና በአንድ ፍሉት ይጀምርና 15 ደቂቃ ያህል ያለማቋረጥ እያደገ በሙሉ ኦርኬስትራ ያልቃል። መጨረሻው ሳያስደነግጥሽ መጀመሪያው የሚሰማሽ ቦታ ላይ ድምፁን አስተካክዪ። ከዚያ መነካካት የለም። ከበሮው ጠፍቶ ፍሉቱ ብቻ ከቀረ፣ ወይም መጨረሻ ላይ የትራምፔትና የትሮምቦን ዓይነት የናስ መሣሪያው ሁሉ አንድ ጩኸት ከሆነ፣ ስፒከሩ አይሆንሽም።

ሁለተኛው መፈተኛ የእኛው በገና ነው። አሥሩ አውታሮች እንዝራው (ከአውታሩ ሥር ያለችው ትንሽ ቆዳ) ላይ ሲንቀጠቀጡ የሚያወጡት ሻካራ ድምፅ አለ። በጥሩ ስፒከር ያ ንዝረት፣ የአውታሩ ድምፅና የዘማሪው ድምፅ ሦስቱም ለየብቻ ይሰማሉ። በመጥፎ ስፒከር ሦስቱ ተቀላቅለው ጉምጉምታ ይሆናሉ። ሻጩም የሚያውቀው ድምፅ ስለሆነ አብሮሽ ይሰማል።

አንድ ነገር ደግሞ ለጆሮሽ። ከመግዛትሽ በፊት የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ወይም ሌሎች ኮንሰርት ሲያቀርቡ ሂጂና ያለ ማይክራፎን የሚጫወት ቫዮሊን ቀርበሽ ስሚ። ያን የሰማ ጆሮ በሻጭ አይታለልም።

የማታ ሥራ፣ ለገጣፎ
ለምን ጥሩ ኤርፎን አትገዢም? በዚህ ገንዘብ ግሩም የሆነ ይገኛል። ለጎረቤትም ችግር የለውም። እኔ ማታ ስሠራ የማዳምጠው በእሱ ነው፣ ዝቅ ያለውንም ሁሉ እሰማለሁ።

የኮዬዋ
አስቤበት ነበር፣ አመሰግናለሁ። ግን እናቴ አብራኝ ነው የምትኖረው። የእማሆይን ፒያኖ እሷም በጣም ትወዳለች። አብረን ቁጭ ብለን መስማት ነው የምፈልገው። ደግሞ በኤርፎን ሙዚቃው ጭንቅላቴ ውስጥ ነው የሚሆንብኝ። ከፊት ለፊቴ እንዲሆን እፈልጋለሁ።

ባስ ይግባ፣ ጀሞ
እኔ በሆም ቲያትሩ አልስማማም። የእኔ ባለ 5.1 (አምስት ስፒከርና አንድ ሰብዉፈር) ነው፣ ሲምፎኒ ሲከፈት ቤቱ ይሞላል። ቲምፓኒው፣ ትልቁ የኦርኬስትራ ከበሮ፣ ደረቴን ነው የሚመታኝ። ክላሲካል ሁሉ ለስለስ ያለ ነው ያለው ማነው? ደግሞ በ25 ሺህ አዲስ፣ ዋስትና ያለው ዕቃ ይገኛል። ያገለገለ ገዝቶ ጠጋኝ ቤት ከመመላለስ አይሻልም?

ባለካውያ፣ ሰበታ
ወንድሜ፣ ቲምፓኒ ደረት መምታቱ ልክ ነው፣ አዳራሽ ውስጥም ይመታል። ዋስትናውም ቀላል ነገር አይደለም። ግን ቲምፓኒው ከመታ በኋላ ኖታው ተሰምቶ ማለቅ አለበት። በእነዚህ ሳጥኖች ሁሉም ምት አንድ ዓይነት “ድም” ነው የሚሆነው፣ ቲምፓኒው ከኖታ ወደ ኖታ ሲሄድ አይለይም። አንድ ነገር ሞክር። ሰብዉፈሩን ሙሉ በሙሉ አጥፋና የአንድ ሴሎ ቅጂ ክፈት። የሚቀርህን ስማ። እሷ የምትገዛው ያንን ነው።

ደግሞ እሷ ኮንዶሚኒየም ናት። ባስ በግድግዳና በወለል ያልፋል። ቫዮሊን ያን ያህል አያልፍም።

ባስ ይግባ፣ ጀሞ
ሞከርኩት። ሴሎው ስልክ ውስጥ የሚናገር ሰው ሆነ። እሺ፣ ለኳርቴት ገባኝ። ለፊልም ግን የእኔን አልለውጥም።

ጋሽ ሱሉልታ
ልጄ፣ እንደምን አለሽ። የያዝሽው ነገር ደስ ይላል። እኔ ይህን ሙዚቃ ከወጣትነቴ ጀምሮ ነው የማዳምጠው፣ በሬዲዮም በካሴትም በሲዲም።

ስለ አምፕሊፋየር፣ ስፒከሩን ስለሚነዳው ዕቃ፣ ማንም አልነገረሽም። የድሮ የጃፓን አምፕሊፋየር በርካሽ ስታገኚ የኋላውን ጽሑፍ ሳታነቢ እንዳትሰኪ። እኛ ጋ 220 ቮልት ነው። ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ ለ120፣ ለጃፓን ገበያ የተሠራው ለ100 ቮልት ነው። 220 ላይ ከተሰካ ይቃጠላል። አንዳንዱ ከጀርባው ቮልት መምረጫ አለው፣ እሱ ይበጃል። መምረጫ ከሌለው መቀነሻ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። ለትራንስፎርመሩ የምታወጪው ገንዘብ ደግሞ ከስፒከሩ ላይ ነው የሚቀነሰው።

ሲዲ ማጫወቻ ከተገኘም አትናቂው። ሰው ሁሉ ስለተወው በትንሽ ገንዘብ ይገኛል። ያገለገሉ ሲዲዎችም አብረው ይሸጣሉ። አንድ ሲዲ 74 ደቂቃ ይይዛል፣ ማስታወቂያ የለው፣ ዳታ አይበላ። የከተማ ዳር አቧራ ግን የሌንሱ ጠላት ነው። ሁልጊዜ ተሸፍኖ ይቀመጥ።

የኮዬዋ
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎ ግን የሱሉልታን ዝናብ እንዴት ቻሉት? እኔ ጋ ፎቅ ስለሆነ አይሰማም። የድሮው ቤታችን ቆርቆሮ ስለነበር ክረምት ላይ ሬዲዮ እንኳ አይሰማም ነበር።

ጋሽ ሱሉልታ
ከሐምሌ እስከ ነሐሴ ከሰዓት በኋላ አልከፍትም፣ እውነቱ ይሄው ነው። ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሲወርድ ዝቅ ያለ ሙዚቃ ዋጋ የለውም። ድምፅ ጨምሮ ከዝናብ ጋር መፎካከርም ጆሮ ይጎዳል። ጠዋት ጠዋት አዳምጣለሁ። ቆርቆሮ ቤት ያላችሁ ግን ኮርኒሱ ላይ ወፍራም ነገር አስነጥፉ። በደንብ ይቀንሰዋል፣ ለብርዱም ያግዛል።

ባለካውያ፣ ሰበታ
ጋሼ ያሉት የቮልት ነገር በጣም አስፈላጊ ነው። ለዚህ ነው እኔ ለአንቺ ትንሿን፣ ክላስ ዲ የምትባለውን ኃይል ቆጣቢ አምፕሊፋየር የምመርጥልሽ። በእጅ መዳፍ ላይ የምትቀመጥ ናት። የምትሠራው በላፕቶፕ ዓይነት ቻርጀር ስለሆነ 220ውን ቻርጀሩ ይቀበለዋል። ቲፒኤ 3116 የሚባለው ቺፕ ያለባት ትበቃሻለች። ቲፒኤ 3255 ያለባት ጉልበቷ ይበልጣል፣ ዋጋዋም እንዲሁ። ፎሲ እና አይማ የሚባሉት ስሞች ይሠሯቸዋል።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ዋት አትመኚ። ዋናው ነገር አብሮ የሚመጣው ቻርጀር ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። በ12 ቮልት ቻርጀር 8 ኦም ስፒከር ላይ የምታገኚው በአንድ ጎን ቢበዛ 9 ዋት ነው። በ24 ቮልት ከሆነ 36 ዋት ነው። ቮልቱ እጥፍ ሲሆን ዋቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ካርቶኑ ግን ሁለቱም ላይ “100 ዋት” ሊል ይችላል። ስለዚህ ቻርጀሩን ገልብጠሽ 24 ቮልት ማለቱን አንብቢ።

36 ዋት ያንሳል እንዳትዪ። አንድ ደህና ስፒከር በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት 86 ወይም 87 ዴሲቤል ያወጣል። ይህ ለጎረቤት ከበቂ በላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የምትጠቀሚው ከ1 ዋት በታች ነው። የቀረው ኦርኬስትራው ድንገት ሲነሳ የሚያስፈልግ መጠባበቂያ ነው። 3 ዴሲቤል ለመጨመር ዋቱ እጥፍ መሆን አለበት። ስለዚህ 50 እና 60 ዋት መካከል ያለውን ልዩነት ጆሮሽ አይለየውም።

ብሎኬት፣ ገላን
የግንባታ ሰው ነኝ፣ ስለ ክፍሉ ልናገር። ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ስፒከር ገዝቶ አንዱ ይደሰታል፣ አንዱ ያማርራል። ልዩነቱ አብዛኛውን ጊዜ ክፍሉ ነው። ይህ ደግሞ በነጻ የሚስተካከል ነገር ነው።

ብሎኬት ግድግዳ፣ ሴራሚክ ወለል፣ ትልቅ መስኮት ካለሽ ድምፁ ይንጫረራል። ቫዮሊኑ ጆሮ የሚወጋው በስፒከሩ ጥፋት ላይሆን ይችላል። መሐል ላይ ወፍራም ምንጣፍ አንጥፊ። መስኮቱን ከባድ መጋረጃ አልብሺው። ከጀርባሽ የመጽሐፍ መደርደሪያ ካለ ግሩም ነው። የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ መለጠፍ ግን ከንቱ ድካም ነው። ስስ ወረቀት ድምፅ አይይዝም፣ ለጎረቤትም አይከልልም።

ስፒከሮቹን በአጭሩ ግድግዳ በኩል አድርጊያቸው፣ ረጅሙ 4 ሜትር ተኩል ወደ አንቺ ይምጣ። ከጀርባቸው ካለው ግድግዳ ከ30 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር አርቂያቸው። ጥግ ውስጥ አትክተቻቸው፣ ባሱ ያብጣል። ትዊተሩ ቁጭ ስትዪ ከጆሮሽ ጋር እኩል ይሁን፣ ከመሬት 1 ሜትር ገደማ ማለት ነው። ቴሌቪዥን ማስቀመጫ ላይ ከሆኑ ከሥራቸው ወፍራም ላስቲክ አድርጊ። ሁለቱ ስፒከሮችና አንቺ ሦስት እኩል ጎን ያለው ሦስት ማዕዘን ሥሩ።

የአንቺ ክፍል 4 ሜትር ተኩል ስለሆነ 38 ኸርዝ አካባቢ የራሱ የሆነ ጉምጉምታ አለው። በ3 ተኩሉ በኩል 49 አካባቢ። ሶፋሽን ከኋላው ግድግዳ ጋር ካጣበቅሽው ያ ጉምጉምታ በርትቶ ይሰማሻል። ትንሽ ወደ ፊት ሳቢው።

ለጎረቤትሽ ደግሞ ዋናው መላ ቀርቦ መቀመጥ ነው። ከ3 ሜትር ይልቅ ከ1 ሜትር ተኩል ብታዳምጪ ከስፒከሩ በቀጥታ የሚደርስሽ ድምፅ በ6 ዴሲቤል ይጨምራል። ስለዚህ ድምፁን ዝቅ አድርገሽ ያንኑ ያህል ትሰሚያለሽ። ግድግዳው ላይ የሚደርሰው ግን ይቀንሳል። ኳርቴት በቅርብ ሲሰማ ደግሞ ሰዎቹ ክፍሉ ውስጥ ያሉ ይመስላል።

ፋይል ሰብሳቢ፣ ቱሉ ዲምቱ
ስፒከሩና ክፍሉ ተወርቷል። ስለምትከፍችው ፋይል ልጨምር።

የሲዲ ጥራት ያለው ድምፅ ሳይታመቅ በሰዓት 635 ሜጋባይት አካባቢ ነው። ፍላክ ፋይል አንዲት ኖታ ሳይጥል ወደ ግማሽ ያወርደዋል። 320 የሚባለው ኤምፒ3 በሰዓት 144 ሜጋባይት ነው። ለእኔ ጆሮ በዚህ ዋጋ ስቴሪዮ ላይ 320ውና ፍላኩ በጣም ይቀራረባሉ። ስለዚህ ዳታ ካሳሰበሽ አትጨነቂ። 128 የሚባለውን ኤምፒ3 ግን ተይው። የሲምባሉና የጭብጨባው ድምፅ ውሃ ውሃ ይላል።

በነጻ፣ በሕጋዊ መንገድ የሚወርድም አለ። ኪሚኮ ኢሺዛካ የተባለች ፒያኒስት የባኽን ጎልድበርግ ቫሪየሽንስ ተጫውታ በ2012 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ነጻ ተለቋል። ቅጂው በጣም ንጹሕ ነው። ሙዝኦፕን የሚባለው ድረ ገጽም ብዙ አለው። ዋይፋይ ያለበት ቦታ ስትገኚ አውርጂና ፍላሽ ላይ አስቀምጪ።

ስልክሽ ላይ ኢኳላይዘር፣ ዶልቢ፣ ድምፅ ማመጣጠኛ የሚባሉትን ሁሉ አጥፊ። ማመጣጠኛው አንዳንድ ጊዜ ዝቅ ያለውን ከፍ፣ ከፍ ያለውን ዝቅ ያደርገዋል። ያኔ የሙዚቃው ትንፋሽ ይጠፋል። ማጫወቻሽም ክፍሎቹን ሳያቋርጥ የሚያያይዝ ይሁን። በሲምፎኒ ውስጥ አንዱ ክፍል ወደ ቀጣዩ ሳይቆም የሚገባበት አለ፣ እዚያ ላይ ዝምታ ጣልቃ ሲገባ ያናድዳል። ፉባር 2000 የሚባለው ማጫወቻ ኮምፒውተር ላይ ይህን በደንብ ይሠራል።

ብሉቱዙን ለእንግዳ ተይው። ለራስሽ ግን በሽቦ አገናኚ። ስልክሽ የኤርፎን ቀዳዳ ከሌለው ትንሿን የዩኤስቢ ሲ መቀየሪያ ግዢ። ውስጧ ራሱን የቻለ የድምፅ መለወጫ አለ። በዋጋዋ ልክ አትገምቻት።

የኮዬዋ
ሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ገዛሁ! ስፒከሮቹን ከአገር ከሚወጣ ቤተሰብ በ14 ሺህ አገኘሁ። የእንጨት ሳጥን፣ 6 ኢንች ተኩል ዉፈር፣ ዙሪያው ላስቲክ፣ 6 ኦም ይላል። የሠፈር ልጅ መልቲሜትር ይዞ አብሮኝ ሄዶ ሁለቱም እኩል አሳዩ። አምፕሊፋየሯን ከነ24 ቮልት ቻርጀሯ በ8 ሺህ ተኩል ገዛሁ። የቀረው ሽቦና መቀየሪያ ሆነ።

ግን ሁለት ችግር አለ። አንደኛ፣ ባሱ ከጠበቅኩት በታች ነው። ፒያኖው ከየት እንደሚመጣም አይታወቅም፣ ክፍሉ ውስጥ የተበተነ ይመስላል። ሁለተኛ፣ ከላፕቶፕ ሳጫውት “እምምም” የሚል ድምፅ ከሥር ይሰማል። ከስልክ ሲሆን የለም።

ባለካውያ፣ ሰበታ
እንኳን ደስ አለሽ! ጥሩ ግዢ ነው።

የመጀመሪያው ችግር ሽቦ ነው ብዬ እገምታለሁ። ከአንዱ ስፒከር ጀርባ ቀይና ጥቁሩ ተገላብጧል። አንዱ ወደ ፊት ሲገፋ ሌላው ወደ ኋላ ይስባል፣ ባሱ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። አምፕሊፋየሯን አጥፊና የሁለቱንም ቀይ ወደ ቀይ፣ ጥቁር ወደ ጥቁር መሄዱን ተከታትለሽ እዪ። ሽቦሽ ቀለም ከሌለው አንዱ ጎን ላይ መስመር ወይም ጽሑፍ አለው፣ እሱን ተከተይ። ሁሉም ልክ ከሆነና ችግሩ ካልጠፋ፣ 1.5 ቮልት ድንጋይ ለቅጽበት ስፒከሩ ላይ አስነኪ። የድንጋዩ ፕላስ ቀዩን ሲነካ ወረቀቱ ወደ ውጭ መውጣት አለበት። በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ካልሆነ የቀድሞው ጠጋኝ ከውስጥ ገልብጦታል።

ሁለተኛው የላፕቶፑ ቻርጀር ነው። ቻርጀሩን ንቀዪና በባትሪ አጫውቺ። ድምፁ ከጠፋ ላፕቶፑና አምፕሊፋየሯ በሁለት የተለያየ መንገድ ከምድር ሽቦ ጋር ተገናኝተው ነው። ሁለቱንም አንድ ማከፋፈያ ላይ ሰኪ። ካልጠፋ በባትሪ አዳምጪ፣ ወይም የድምፅ መስመሩ ላይ የሚገባ መለያ ግዢ። ግን አደራ፣ ማንም መጥቶ “የሶኬቱን ምድር እንቁረጠው” ቢልሽ እሺ እንዳትዪ። እሱ ሕይወት የሚያድን ሽቦ ነው።

የኮዬዋ
የቀኙ ተገልብጦ ነበር! አሁን ፒያኖው መሐል ላይ ቆመ። ስፒከር በሌለበት ቦታ ላይ ነው የሚሰማው፣ እናቴ ተነስታ ሄዳ አየችው። የላፕቶፑም ድምፅ በአንድ ማከፋፈያ ጠፋ።

ብሎኬት እንዳልከው ሶፋውን ወደ ፊት ሳብኩት፣ ምንጣፍም አነጠፍኩ። ቫዮሊኑ ረጋ አለ። ሁለተኛውን ቫዮሊንና ቪዮላውን አሁን እለያቸዋለሁ። በቦሌሮውም ፈተንኩት። ከበሮው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አልጠፋም። ጎረቤቶቼን ማታ ጠየቅኳቸው፣ ምንም አልሰማንም አሉኝ።

አንድ የቀረችኝ ጥያቄ። እኛ ጋ መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋል፣ ተመልሶ ሲመጣም ኃይሉ ያስፈራል። ምን ላድርግ?

ባለካውያ፣ ሰበታ
መብራት እንደጠፋ ቻርጀሩን ንቀዪ። ሲመጣ ወዲያው አትሰኪ፣ እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ ጠብቂ። አቅም ሲኖርሽ መዘግየት ያለው የቮልት መከላከያ ግዢ። ለዚህ አምፕሊፋየር ከትልቅ ስታቢላይዘር ይልቅ እሱ ይበቃል።

መብራት በሌለበትም ማዳመጥ ትችያለሽ። አምፕሊፋየርሽ ቲፒኤ 3116 ያለባት ከሆነች በ12 ቮልት ባትሪም ትሠራለች፣ የሶላር ወይም የሞተር ባትሪ ይሆናል። ስፒከርሽ 6 ኦም ስለሆነ በአንድ ጎን 12 ዋት ያህል ታገኛለሽ። ለኳርቴት ይበቃል። የባትሪው ፕላስ አጠገብ 5 አምፔር ፊውዝ አስገቢ፣ ያለሱ አታገናኚ። ፕላስና ማይነሱ ከተገላበጠ አምፕሊፋየሯ ትቃጠላለች። ስለዚህ ከቻርጀሩ ጋር አንድ ዓይነት ጫፍ ያለው ገመድ አሠሪ፣ መሐሉ ፕላስ መሆኑን በመልቲሜትር ያረጋግጡልሽ። ባትሪው 12 ቮልት ሲደርስ አቁሚ፣ ከዚያ በታች ከወረደ ዕድሜው ያጥራል። ገመዱን እኔ ልሠራልሽ እችላለሁ፣ ወደ ሰበታ ከመጣሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።

ጋሽ ሱሉልታ
አንተ ባለካውያ፣ ያንን ገመድ ለእኔም ሥራልኝ። የሶላር ባትሪ አለኝ።

ባለካውያ፣ ሰበታ
እሺ ጋሼ። የአምፕሊፋየርዎን የኋላ ጽሑፍ ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ። በ220 ብቻ የሚሠራ ከሆነ በቀጥታ ከባትሪ አይነሳም፣ ኢንቨርተር ነው የሚያስፈልገው። አይቼ እነግርዎታለሁ።